ብር የተለበጠ ሰይፍ

ወረቀቱን እስካሁን አልጣልኩትም። የሕይወት ነጥብ የሚጻፍባት ትንሽ ሳጥን ላይ፣ በላጲስ ብዛት የተበሳ ቀዳዳ አለው። 28 ተጽፎ ጠፍቷል፤ 20 ተጽፎ ጠፍቷል፤ 13 ተጽፎ ጠፍቷል፤ 6 ተጽፎ ጠፍቷል። 0 ሊጻፍበት ሲል ወረቀቱ አልቻለም። የወረቀቱ ባለቤት እርሳሷን አስቀምጣ ቀዳዳውን በአውራ ጣቷ ሸፈነችና ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። «እና አሁን ምን ላድርግ?» አለች። የምመልስላት አልነበረኝም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። የእህቴ ልጅ ኮሌጅ ሊማር እኛ ጋ፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲመጣ፣ ከልብሱ ጋር ሦስት ትላልቅ መጻሕፍትና ሲነካ እንደ መቁጠሪያ የሚንኮሻኮሽ ከረጢት ይዞ መጣ። ከረጢቱ ውስጥ ዳይስ ነው፤ ባለ 4 ገጽ፣ ባለ 6፣ ባለ 8፣ ባለ 10፣ ባለ 12፣ ባለ 20። መጻሕፍቱ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ 5ኛ እትም ናቸው። ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልንገረው። አንዱ ሰው ዲኤም ይባላል። ዓለሙን የሚተርከው እሱ ነው፤ መንደሩም፣ ነጋዴውም፣ አውሬውም፣ ዝናቡም እሱ ነው። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ፈጥረው፣ ሙያውንና የሕይወት ነጥቡን ወረቀት ላይ ጽፈው፣ ያንን ሰው ሆነው ይጫወታሉ። ዲኤሙ «ድልድዩ ተሰብሯል፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል፤ እነሱ ይማከራሉ፣ ያደርጋሉ። መሳካቱ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል። እኛ ልጅ ሆነን ማታ ማታ «ተረት ተረት» ስንባል «የላም በረት» ብለን ተቀብለን እናዳምጥ ነበር። እዚህ ግን አዳማጩ ተረቱ ውስጥ ገብቶ የጅቡን ጆሮ ይይዛል።

«አጎቴ፣ አንተ ተረት እየነገርከን ነው ያደግነው» አለኝ ልጁ። «ዲኤሙ አንተ ነህ።»

እንዲህ ሆኖ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ቤዝመንታችን ውስጥ ተሰበሰብን። ልጁ አለ፤ አማርኛዋ ከሳምንት ሳምንት እየተፈታ የሄደ የክፍል ጓደኛው አለች፤ የባለቤቴ ወዳጅ የሆነች ነርስ አለች፤ ከእኛ ሁለት ቤት አልፈው የሚኖሩ፣ ጡረታ ከወጡ ብዙ ያልቆዩ ጋሼ አሉ። ጋሼ የመጡት ቡና ሊጠጡ ነበር። ሁለት ቅዳሜ ከዳር ተቀምጠው ሲያዩ ቆዩ፤ በሦስተኛው «እኔስ ወረቀት የለኝም?» አሉ።

የመጀመሪያው ዘመቻችን መጽሐፉ እንዳዘዘው፣ አስማቱ ሙሉ የሆነበት ነበር። ሁለት ሳምንት ማታ ማታ እየተቀመጥኩ አንድ በረሃ አዘጋጀሁ። የውኃ ጉድጓዶቹን ርቀት ለካሁ፣ ግመሎቹን ቆጠርኩ፣ ስንቅ ሲያልቅ ማን ከማን እንደሚጋጭ አሰብኩ። የእህቴ ልጅ የሚጫወተው ድሩይድ ነበር፤ ከዛፍና ከአውሬ ጋር የሚኖር ባለ ድግምት። በበረሃው የመጀመሪያ ማታ አንዲት የ1ኛ ደረጃ ድግምት ደገመ፤ 10 ፍሬዎች መዳፉ ላይ ወጡ። መጽሐፉ እንደሚለው አንዲት ፍሬ አንድን ሰው ለአንድ ቀን ታጠግባለች። ሰዎቹ አራት፣ ፍሬው አሥር። ውኃውን ደግሞ በሌላ የ1ኛ ደረጃ ድግምት ሞላው። በረሃዬ በዚያችው ደቂቃ ሜዳ ሆነ። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ባለ ወፍጮ ተገድሎ ተገኘ። ሦስት ተጠርጣሪ፣ የተደበቀ ደብዳቤ፣ የምትዋሽ ምስክር አዘጋጅቻለሁ። ነርሷ ካህን ነበር የምትጫወተው፤ አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከችና ሙታንን የሚያናግረውን ድግምት አነበበች። ሙት አምስት ጥያቄ ይመልሳል። በሁለተኛው ጥያቄ ገዳዩን ነገራት።

ተጫዋቾቹ ምንም አላጠፉም። መጽሐፉ የሰጣቸውን መሣሪያ በብልሃት ተጠቀሙ። እኔን ያስጨነቀኝ ግን እያንዳንዱ ችግር ወረቀታቸው ላይ ተጽፎ የተዘጋጀ መልስ ስላለው፣ እርስ በርስ መነጋገር እየተዉ መምጣታቸው ነው። ችግር ሲገጥማቸው ዓይናቸው ወደ ወረቀቱ ነው የሚሄደው፤ ወደ አጠገባቸው ወዳለው ሰው አይሄድም። እኔ ደግሞ ይህን ጨዋታ የወደድኩት ለመነጋገሩ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ሁላችንም የሥራ እንግሊዝኛ ስናወራ እንከርማለንና።

ስለዚህ አስማቱን ልቀንስ ወሰንኩ። ቀይ እስክሪብቶ አነሣሁ። መጽሐፉ ውስጥ 12 የሙያ ዓይነቶች አሉ፤ ከእነዚህ 8ቱ ድግምት ይዘው ነው የሚመጡት። 8ቱን ሰረዝኩ። ተዋጊው ፋይተር፣ ባርባሪያን፣ ሌባው ሮግና መንክ ቀሩ። እነሱም ውስጥ በጎን በር ድግምት የሚያስገቡትን ቅርንጫፎች ሰረዝኩ። ኤልፍና ድዋርፍ በጨለማ ስለሚያዩ ሁላችሁም ሰው ሁኑ አልኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አለቀ፤ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቅዳሜዎች ካሳለፍናቸው ሁሉ የሚበልጡ ነበሩ፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። አንድ የተተወ የብር ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ገቡ። የችቦ ብርሃን በጨዋታው ሕግ አንድ ሰዓት ይቆያል፤ አጥርቶ የሚያሳየው 20 ጫማ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ 20 ጫማ ድንግዝግዝ፣ ከዚያ ጨለማ። ነርሷ ከወጥ ቤት የክብሪት እንጨት አምጥታ ፊቷ ደረደረች፤ አንድ እንጨት አንድ ችቦ። አንድ ሰዓት አለፈ ባልኩ ቁጥር አንዷን አንሥታ ትሰብራለች። ስድስተኛዋ ስትሰበር ጠረጴዛው ዙሪያ ትንፋሽ አይሰማም ነበር። ክብሪት ስትሰበር የምታሰማው ያ ትንሽ ድምፅ፣ በመጀመሪያው ዘመቻ ድራጎን ካደረሰብን ፍርሃት ይበልጥ ነበር። «ተመለሱ፣ ለመውጫ አይበቃንም» አሉ ጋሼ። ተከራከሩ። ተመካከሩ። የልጁ የክፍል ጓደኛ የአማርኛ ቃል ጠፍቷት በእጇ እያሳየች ገመዱን የት እንደሚያስሩ ነገረቻቸው።

ሌላም ነገር አየሁ። በፊት አንድ ሰው ሲቆስል ካህኗ እጇን ትጭናለች፣ ቁጥሩ ይመለሳል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። አሁን ልጁ ከገደል ወድቆ ስምንት ነጥብ ሲያጣ ነርሷ «ቁስሉ የት ላይ ነው?» ብላ ጠየቀች። ይህን ጥያቄ በሰባት ወር ውስጥ ማንም ጠይቆ አያውቅም። «ጉልበቱ ላይ» አልኩ። «ክፍት ነው? አፈር ገብቶበታል?» አለች። ውኃ አፍልተው፣ ቀዝቅዞ፣ ቁስሉን አጥበው፣ በንጹሕ ጨርቅ አሠሩለት፤ ይህ ሁሉ አንዲት ክብሪት ፈጀ። ልጁ ከዚያ በኋላ ያንን ሰውዬ ሲጫወት ተነሥቶ በተራመደ ቁጥር ያነክስ ነበር።

ከዚያ ተኩላ ሰውን አመጣሁባቸው።

ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ ወደ ተኩላነት የሚለወጥ ሰው ነው። የአውሬዎቹ መጽሐፍ ላይ 58 የሕይወት ነጥብ አለው፤ ጥንካሬው ለ3ኛ ደረጃ ተጫዋቾች የሚመጥን ነው ተብሎ ተቀምጧል። ይህንን አይቼ ገጹን ዘጋሁት። በወጉ አንብቤው ቢሆን ኖሮ ከቁጥሮቹ በታች ያለችውን አንዲት መስመር አይ ነበር፤ አስማት የሌለው ወይም ብር ያልተለበጠ መሣሪያ አይጎዳውም። ቢቆርጡት፣ ቢወጉት፣ ቢቀጠቅጡት ቆዳው አይበሳም። እኔ የአስማት ሰይፎችን ሁሉ ከዓለሙ ጠርጌ ጥያለሁ። ብር የለበጠላቸው ሰው የለም፤ ብር የሚለብጥ ሰውም መንደሩ ውስጥ አልጻፍኩም።

ጋሼ ባለ 20 ገጹን ጣሉ፤ 20 ወጣ። በሕይወታቸው የመጀመሪያው 20 ነበር። ተጨበጨበ። እኔ መጽሐፉን ገለጥኩ፣ መስመሯን አየሁ፣ አፌ ደረቀ። «ሰይፉ ጎኑ ላይ አረፈ፤ ግን... አልቆረጠውም» አልኩ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ሁለት ፍላሽ ዘይት ነበራቸው፤ አፍስሰው ለኮሱት፤ አንዱ ፍላሽ 5 ነጥብ ነው የሚያቃጥለው። የቀራቸው ችቦ ብቻ ነበር፤ ችቦ ሲነካ 1 ነጥብ ነው። ልጁ ወረቀት ላይ አሰላና «አጎቴ፣ ገና 48 ጊዜ በችቦ ልንመታው ነው?» አለኝ። ያኔ ቆም ብዬ «ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም፤ የጀመርኩትን ዓለም በሕጉ ማስኬድ ታማኝነት መስሎኝ ቀጠልኩ። የነርሷ ፋይተር በር ዘግታ ስታስመልጣቸው ሞተች፤ ወረቀቱ የተበሳው ያኔ ነው። የልጁ ባርባሪያን ተነከሰ። ንክሻው እርግማን ነው፤ ተነካሹም ተኩላ ይሆናል። እርግማኑን የሚፈታው የ3ኛ ደረጃ ድግምት ነው። እሱን ደግሞ በቀይ እስክሪብቶዬ ሰርዤዋለሁ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጥፋቴ ከአንድ መስመር አለማንበብ የሰፋ እንደሆነ ገብቶኛል፤ የት ጋ እንደሚጀምር ግን ማየት ፈለግኩ። የጨዋታውን ታሪክ አነበብኩ። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ሲያወጡት፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ሌክ ጄኒቫ ከምትባል ትንሽ ከተማ፣ መጀመሪያ የተዘጋጀው 1,000 ሳጥን ነበር። ያኔ የነበሩት ሙያዎች ሦስት ናቸው፤ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። ከዚያ በፊት በ1971 ጋይጋክስና ጄፍ ፔረን የጦር አሻንጉሊቶች ጨዋታ አውጥተው ነበር፤ እዚያ ውስጥ የአስማተኛው የእሳት ኳስ የከባድ ድንጋይ መወርወሪያን፣ መብረቁ የመድፍን ቦታ ይዘው ነው የገቡት። ድግምቱ አንዴ ከተደገመ ከአእምሮ የሚጠፋበትን ሥርዓት ጋይጋክስ ያገኘው ከጃክ ቫንስ ልብ ወለዶች ነው። ስለዚህ አስማት በዚህ ጨዋታ ከመጀመሪያው ጥይት ነበር፤ የሚቆጠር፣ የሚተኮስ፣ የሚያልቅ፣ ሲነጋ የሚታደል። አውሬዎቹ የተሠሩት ተጫዋቹ ጥይት እንዳለው ታስቦ ነው። እኔ ጥይቱን ወስጄ አውሬውን እንዳለ ተውኩት።

ሌሎች እንዴት እንዳደረጉት ደግሞ አየሁ። ግሬግ ስታፎርድ በ1985 ባወጣው ፔንድራጎን ውስጥ ተጫዋቾቹ ሁሉ የንጉሥ አርተር ፈረሰኞች ናቸው፤ አስማት በዓለሙ ውስጥ ሞልቷል፤ በተጫዋች እጅ ግን አይገባም። በምትኩ ዓመት ያልፋል፤ ክረምት ሲገባ ፈረሰኛው ቤቱ ይከርማል፣ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ያረጃል። ዳርክ ሰን የሚባለው የ1991ዱ ዓለም አስማትን አልከለከለም፤ አስማተኛው ሳይጠነቀቅ ሲደግም ዙሪያው ያለው ሣርና ዛፍ አመድ እንዲሆን ነው ያደረገው። በ2016 ደግሞ የቶልኪንን ዓለም በዚሁ በ5ኛው እትም ሕግ የሚያጫውት መጽሐፍ ወጣ፤ ድግምት ይዞ የሚመጣ ሙያ አንድም የለውም። ቶልኪን ጋ ጋንዳልፍን የሚያህል ሰው አብሯቸው እያለ በረዶ ከተራራ ይመልሳቸዋል፤ አራጎርን ቁስል የሚያክመው በቅጠል ነው። እነዚህ ሁሉ አስማትን ባነሡበት ቦታ ሌላ ነገር ተክለዋል፤ ጊዜን፣ ዋጋን፣ ጉዞን። እኔ ያነሣሁበት ቦታ ባዶውን ነበር።

ምን ልትከል ብዬ ሳስብ ቀኑን ሙሉ አፌ ላይ የነበረችው ቃል ራሷ መንገድ አሳየችኝ። አስማት። በግዕዝ ስም ሲበዛ አስማት ነው። ስሞች ማለት ነው። ቃሏን በሕይወቴ ሺህ ጊዜ ብያታለሁ፤ ቆም ብዬ ያየኋት ያን ለት ነው። ድንገት አያቴ አንገት ላይ የነበረች የቆዳ ማኅደር ትዝ አለችኝ። ውስጧ ክታብ አለ። ክታብ ሲጻፍ ብራናው በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጣል፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ። ደብተራው በጥቁር ቀለም ይጽፋል፤ መክፈቻውንና ስሞቹን በቀይ። ከፈጣሪ ስሞች መሀል የባለቤቱ የክርስትና ስም ይገባል። የአያቴን ክታብ ለእኔ ብታስሩልኝ አይሠራም፤ የእሷ ቁመትና የእሷ ስም ነው። ይህ ጥይት አይደለም፤ አይቆጠርም፣ አይታደልም፣ ሲነጋ አይሞላም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወረቀቱን ይዤ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። የሞተችው አትመለስም፣ ዓለሙ ግን አዲስ ሕግ አለው አልኩ። የዕረፍቱን ሕግ ለወጥኩ፤ የዲኤሙ መጽሐፍ ውስጥ ያለ አማራጭ ነው፤ በ8 ሰዓት እንቅልፍ ይድን የነበረው ቁስል አሁን 7 ቀን ተኝቶ ማገገም ይፈልጋል። ነርሷ አዲስ ሰው ፈጠረች፤ ወጌሻ። መጽሐፉ ውስጥ እንዲህ ያለ ሙያ የለም፤ አብረን ጻፍነው። እና ከመንደሩ የሁለት ቀን መንገድ ላይ፣ ገዳም አጠገብ፣ አንድ አረጋዊ ደብተራ አስቀመጥኩ። ክታብ ይጽፋል። ብራናውን እናንተ ታመጣላችሁ፤ ሰባት ቀን ይፈጃል፤ ለአንድ ሰው ነው፤ እርግማኑን አይፈታም፣ አንዲት ጨረቃ ያሳልፋል። እና እውነተኛ ስማችሁን ትነግሩታላችሁ።

የልጁ ባርባሪያን ስሙን ተናገረ። ቁመቱን በክር ለካነው፤ ልጁን ራሱን አቁመን፣ የልብስ ስፌት ክር ከራሱ እስከ ተረከዙ ዘርግተን፣ ክሩን ቆርጠን ኪሱ ከተተው። የጋሼ ሌባም ክታብ አማረው። ደብተራው ስም ሲጠይቀው ጋሼ ጥቂት አሰቡና የውሸት ስም ሰጡ። «ሌባ ነው፤ ስሙን ለማንም አይሰጥም» አሉ። ደብተራው በሰጡት ስም ጻፈላቸው። ክታቡ ለማንም የማይሆን ክታብ ሆነ፤ እሳቸው ግን ወራት ሙሉ አንገታቸው ላይ አሰሩት። በጣም ጥሩ አጨዋወት ነበር። ያኔ ከዚህ ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ሁለተኛው ጥፋቴ ከመጀመሪያው ይከብዳል። እሱን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ።

አስማት በራቀበት አገር ሰው አስማትን የሚፈራው የበለጠ ነው ብዬ አሰብኩ። ማንም አላየውም፤ ስለዚህ የትም ሊሆን ይችላል። መንደሬ እንዲህ ሆነ፤ በጎች ይበላሉ፣ ሰው ይጠፋል፣ ሰዉ ተኩላውን አያውቀውም፣ ተጠያቂ ይፈልጋል። ልጅ ሆኜ የሰማሁት ሁሉ በእጄ ነበር። ለተጠያቂነት ከመንደሩ ዳር ጎጆ ያለውን ቀጥቃጭ መረጥኩ። ሌሊት አውሬ ይሆናል ይሉታል፤ ዓይኑ ይበላል ይሉታል። ተጫዋቾቹ ሲገቡ ሽማግሌው በእኔ ድምፅ እንዲህ አላቸው፤ «ማረሻ ካላስፈለጋችሁ በዚያ በኩል አትለፉ። ልጆቻችሁንም አታሳዩት።» ልጁና ጓደኛው ሳቁ፤ እንግዳ ነገር መስሏቸው። ነርሷ አልሳቀችም። ጋሼ ዳይሶቻቸውን አንድ በአንድ ሰበሰቡ፣ ከረጢቱን አሰሩ፣ «ድካም ተሰምቶኛል» ብለው ደረጃውን ወጡ። ቡናው ገና ሁለተኛው ነበር።

በማግሥቱ ሄድኩባቸው። በሩን ከፍተው ለረጅም ጊዜ አላናገሩኝም፤ ሻይ አፈሉ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ።

«አባቴን ነጋዴ ነበሩ ብዬህ ነበር። አባቴ ቀጥቃጭ ነበሩ። የአገሩ ማረሻ፣ የአገሩ ማጭድ ከእሳቸው እጅ ነው የወጣው። ሁሉም ይመጣል፤ ከቤታችን ግን ውኃ የሚጠጣ የለም። ሌሊት ጅብ ሲጮህ እናቴ ኩራዙን ታበራና ሁላችንንም ቀስቅሳ ጮክ ብለን እንድንዘምር ታደርገን ነበር። ለምን እንደሆነ ልጅ ሆኜ አላውቅም። ቤት ውስጥ መሆናችንን ጎረቤት እንዲሰማ ነው።»

አፄ ምኒልክ ባለእጁን በሙያው የሚሰድበውን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸውን አንብቤያለሁ። ቤተ እስራኤላውያን ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሸክላ እየሠሩ በዚሁ ሐሜት ስንቱን እንዳዩ አውቃለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅኩ፣ ጨዋታው የሩቅ አገር ተረት ነው ብዬ፣ ያንን ሐሜት ጠረጴዛ ላይ አመጣሁት። ተረቱ ሩቅ አልነበረም፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቡና እየጠጣ ነበር። በልጅነቴ እኔም እንዲህ ካለ ቤት ደጃፍ ሮጬ ያለፍኩ መሆኔን ነገርኳቸው። መንገር ነበረብኝ። «አውቃለሁ» አሉ፤ «ሁሉም ይሮጥ ነበር።»

ቀጥቃጩን ከመንደሩ እሰርዘዋለሁ አልኳቸው። ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«እንዳትሰርዘው» አሉ። «ስጠኝ።»

ሦስት ቅዳሜ ቀሩ። በአራተኛው ሲመጡ የሌባውን ወረቀት መልሰው አዲስ ወረቀት ይዘው ነበር፤ በእርሳስ፣ በጥንቃቄ የተሞላ። የቀጥቃጩን መሣሪያዎች ጽፈዋል፤ ወናፍ፣ መሮ፣ ጉጠት፣ መዶሻ፤ የመዶሻውን ክብደት ሳይቀር። ብረት ሲግል ቀለሙ በምን ቅደም ተከተል እንደሚለወጥ ለልጆቹ አስረዷቸው፤ መጀመሪያ የጠቆረ ቀይ፣ ቀጥሎ እንደ በሰለ ብርቱካን፣ ሲብስ እንደ ገለባ። እሳት ፊት የሚቆሙበት የእግራቸው አቋም ራሱ የአባታቸው ይመስለኛል። የልጁ ጓደኛ ማስታወሻ ትይዝ ነበር፤ ወናፍ የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ አስደገመቻቸው።

የብሩ ነገር ያኔ ቦታውን አገኘ። ከማዕድን ጉድጓዱ ከዚያ ሁሉ ክብሪት በኋላ ያወጡት ብር በከረጢት ተቀምጧል። በመጽሐፉ ሕግ አንድ ሰይፍ ብር ለመለበጥ 100 የወርቅ ሳንቲም ይከፈላል። ጨረቃዋ ልትሞላ አምስት ቀን ቀርቷታል፤ የባርባሪያኑ ክታብ ያለፈውን ጨረቃ አሳልፎ ቀለሙ ለቋል። መንደሩን ከተኩላው የሚያድን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከመንደሩ ዳር ነው ያለው። እኔ ይህን አላቀድኩትም። ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ነገሮች ተራ በተራ ተያያዙ።

ሽማግሌው ወርቁን ይዞ ወደ ቀጥቃጩ ጎጆ ሄደ። ሽማግሌው እኔ ነኝ። ከደጃፉ ሳያልፍ ከረጢቱን መሬት ላይ አስቀመጠና «መቶ ነው፣ ቁጠረው» አለ። ይህን ስል ድምፄ እንደ ልማዱ አልወጣም።

ጋሼ ከረጢቱን አላዩትም። «ወርቁን አንሣው» አሉ። «ሰይፉ እስከ ነገ ማታ ይደርሳል። ነገ ማታ ደግሞ ቤቴ ራት አለ። አንተ መጥተህ ትበላለህ፤ ሽማግሎቹም ይመጣሉ፤ ሰው እያየ። ዋጋው እሱ ነው።»

ልጁ ባለ 20 ገጹን ዳይስ አንሥቶ እጁ ውስጥ እያንከባለለ ነበር። «አጎቴ፣ ይጣል? እሺ ይላል?» አለ በሹክሹክታ። ነርሷ እጇን እጁ ላይ አደረገች። ዳይሱ ጸጥ አለ።

ብዙ አሰብኩ። ሽማግሌው ሰባ ዓመት ሙሉ ያመነውን አሰብኩ፤ ነገ ሚስቱ የምትለውን፣ ጎረቤቱ የሚለውን። በመጽሐፉ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ቁጥር የለም። ከላይ፣ ወጥ ቤት፣ ባለቤቴ ሦስተኛውን ቡና ስታፈላ ጀበናው ሲንተከተክ ይሰማል።

«ውኃ አምጡልኝ» አልኩ በሽማግሌው ድምፅ፤ «እጄን ልታጠብ።»

ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የውኃ ጆግ በቀኝ እጃቸው አነሡት፣ ግራቸውን ከቀኝ ክርናቸው ሥር አደረጉ፣ ጎንበስ አሉ። የፈንዲሻውን ባዶ ሳህን ስቤ ከሥር ያዝኩ።